ሙልሙሉ እኔ ጋ ቀረ

ነሐሴ 12። ከቀትር ጀምሮ የያዘው ዝናብ ሊያባራ አልቻለም። ዛሬ ደብሮኛል፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ሻይ አፈላሁ። ስኳር የሌለበትን ሻይ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ዳቦ የሌለበትን ግን እስካሁን እንደ ሻይ አልቆጥረውም።

ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በር ላይ ደረሱ። በዱላቸው ሲሚንቶውን ሊሰብሩት ነበር። ለእነሱ ብዬ ሙልሙል ገዝቼ አስቀምጫለሁ። (“ለእነሱ ብዬ” የምትለዋን ሐኪሜ ባታነባት ደስ ይለኛል።) መሪያቸው፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ሙልሙሉን አየት አደረገና “ማዘር፣ ብር የለም?” አለኝ። ማዘር! እኔን! ብር ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ወደ ጎረቤት አለፉ። ሙልሙሉ እኔ ጋ ቀረ።

ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ችግሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። የፉርኖ ዱቄት ማለት ፍሩሽካው ለከብት ሄዶ ነጩ ለእኛ የቀረበት ነው። ሆድ ውስጥ አይቆይም። ቶሎ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቶሎም መልሶ ያስርባል። ሲርበኝ ደግሞ የሚያምረኝ ጎመን አይደለም።

ሐኪሜ ዳቦን እርም በይ ብላኝ አታውቅም። እርም ያሉኝ ዘመዶቼ ናቸው። እሷ ያለችኝ ትንሽ ይሁን፣ ብቻውን አይሁን፣ መጀመሪያም አይሁን ነው። ጎመኑን፣ እንቁላሉን ወይም ምስሩን አስቀድሜ ዳቦዋን መጨረሻ ላይ። ሰው የሚስቅብኝ ይህን ጊዜ ነው። እንቁላል ፍርፍሯን በሹካ ጨርሳ ዳቦዋን ለብቻው የምትበላ ሴት! ግን ይሠራል። መብላት ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ቆይቼ የደሜን ስኳር ስለካ ከ180 በታች የማገኘው እንዲህ ስበላ ነው። ከምግብ በኋላ ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። በዚህ ዝናብ ማን እንደሚንቀሳቀስ እንጃ።

መካሪማ ሞልቷል። የወንድሜ ሚስት “ጤፍ እኮ ስኳር የለውም” እያለች እንጀራ ትደራርብልኛለች። መለኪያዬ ከእሷ ጋር አይስማማም፤ እንጀራም ሲበዛ ከፍ ያደርገዋል። ጎረቤቴ ደግሞ “ማር ብዪ፣ የተፈጥሮ ነው” ትላለች። ንብ ስለሠራችው ስኳርነቱ የሚቀር ይመስል። ዳቦ ቤት የሚሸጡት ጥቁር ዳቦም አለ። ቡናማ ስለሆነ ብቻ ግን ከነፍሩሽካው ተፈጭቷል ማለት አይደለም። አንድ ቀን ሻጩን ከምን እንደተሠራ ብጠይቀው “ጥቁር ነው አልኩሽ እኮ” አለኝ። ሌላ ምን ይበል።

እኔን ያዋጣኝ ገብስ ነው። ቂጣው፣ ቆሎው፣ አንዳንዴም ቅንጬው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለ። ሆድ ውስጥ ይዝለገለግና ስኳሩ ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ሽምብራ ሲገባበት ደግሞ የበለጠ ያዘገየዋል። ዳቦ ቤቶቹ ትኩስ የሚያወጡበት፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሸትበት የአሥራ አንድ ሰዓት አምሮት አለ አይደል? እሱን የምሸነግለው ቆሎ ቆርጥሜ ነው። ጥርስ ሥራ ሲይዝ አምሮት ትንሽ ይረሳል። እፍኝ ብቻ ነው ታዲያ፤ ሰፌዱ ፊቴ ከቀረበ አበቃልኝ።

ዛሬም ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ሐኪሜ ጽፋ የሰጠችኝ ዝርዝር የአያቴ ሌማት ነው!

አያቴ መንዝ ነበረች፣ ገብስ አገር። የገብስ እንጀራ፣ የገብስ ቂጣ፣ በሶ፣ የባቄላ ሽሮ፣ ጎመን። የስንዴ ድፎ የሚደፋው ለዓመት በዓል ነበር። እኛ ከአዲስ አበባ ስንሄድ ዳቦ ይዘንላት እንሄዳለን፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ለጎረቤት ሁሉ ትቆርሳለች። ገብሱን ስለምትወደው የበላችው እንዳይመስላችሁ። ሌላ ስላልነበረ ነው። እናቴ ከዚያ ሌማት ሸሽታ ነው ከተማ የገባችው። ለእሷ ልጆቿ በየማለዳው ዳቦ በሻይ መብላታቸው አልፎልናል ማለት ነበር። አሁን እኔ በሐኪም ትእዛዝ ወደዚያው ተመልሻለሁ፣ ያውም ገብሱን ከሱፐርማርኬት በሚያምር ከረጢት እየገዛሁ። አያቴ ዋጋውን ብታይ ትስቅብኝ ነበር።

ለመሆኑ በየቀኑ የስንዴ ዳቦ ብታገኝ ትበላ ነበር? ትበላ ነበር እንጂ! ሦስቴ።

“በእነሱ ዘመን ይሄ በሽታ የት ነበር” ብዬ ልጽፍ ስል ግን ሌላው ትዝ አለኝ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ውኃ ትጠጣ ነበር። ጣሳው ከራስጌዋ አይጠፋም። ደጋግማም ወደ ጓሮ ትወጣለች። ደግሞ እግሯ። “እሳት ይለቅብኛል” እያለች ማታ ማታ በቅቤ ታሳሸን ነበር። ብርድ ነው ተባለ፣ እርጅና ነው ተባለ። ጠበልም ተወስዳለች። ጣቷን ወግቶ ደሟን የለካት ሰው ግን የለም። እርጅና ብቻም ሊሆን ይችላል። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126ን ሲያልፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔስ ያወቅሁት በራሴ ሲደርስ አይደል?

መጀመሪያ የተመረመርኩ ቀን ነርሷ “በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?” ብላኝ ነበር። ሳላመነታ “የለም” አልኳት። የእኔ ዓይነቱ፣ ሁለተኛው የሚሉት፣ በዘር በጣም የሚሄድ መሆኑን ያነበብኩት በኋላ ነው።

ሳላስበው ስልኬን አንስቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ውኃውን ታስታውሳለች። እግሯንም ታስታውሳለች። “ታዲያ ስኳር ይሆን እንዴ?” ስላት ግን ተቆጣች።

“ምን ስኳር ትያለሽ? በዚያ ዘመን ስኳር ማን አይቶ! ቡናውን እንኳ በጨው ነበር የምንጠጣው።”

ቀጠሮዬ ከመስቀል በኋላ ነው። ነርሷ ያንን ጥያቄ ብትደግመው ምን እላታለሁ? “አያቴ ሳይኖርባት አይቀርም፣ ግን ቡናዋ በጨው ነበር” ብዬ ላስጽፍ?