የእማዬ ላባና የዋልነታችን አበባ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ሁለት ፍሬ ቀርቶናል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ቡናው ሳይቆላ ወደ ጓሮ ትወጣና አንገቷን ቀና አድርጋ ትቆጥራለች። ተመልሳ «አሉ» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። እኔም «ምኖቹ?» ብዬ አልጠይቃትም። ከሚያዝያ ወዲህ በቤታችን የሚቆጠረው ነገር የዋልነቷ ፍሬ ብቻ ነው።

ስለዚህች ዛፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ ትቻለሁ። ፍሬዋን ሳላይ ምን እጽፋለሁ እያልሁ ነበር። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ፣ እማዬም እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ ስሰማ፣ ፍሬው ቢረግፍም ባይረግፍም የሆነውን ማስቀመጥ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

በ2007 ለገና እህቴ ከጀርመን መጣች። ከቸኮሌቱና ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ፌስታል ዋልነት ይዛ ነበር፤ አከራይዋ ከጓሯቸው ዛፍ ሥር ለቅመው የሰጧትን፣ ከነቅርፊቱ። እማዬ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። «ለውዝ ነው?» አለች። አይደለም አልናት። ሙቀጫው ላይ አስቀምጣ በዘነዘናው ቀስ አድርጋ መታችው፤ ለሁለት ተከፈለና እንደ አንጎል የተጨማደደ ፍሬ ወጣ። ቀምሳ ጥቂት ዝም አለች። «ቅባቱ የኑግ ነው፤ ቆዳው ግን ይመራል» አለች። ስለ ዋልነት ጣዕም ከዚህ የተሻለ አነጋገር እስካሁን አልሰማሁም።

ከፌስታሉ ሰባት ፍሬ ደብቄ አስቀረሁ። ዋልነት ዝም ብሎ አፈር ውስጥ ቢቀብሩት አይነቃም፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር እርጥበትና ብርድ ማግኘት አለበት። የእነሱ ክረምት ብርድና በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ። ስለዚህ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞልቼ ሰባቱን ቀበርኋቸውና ፍሪጁ ውስጥ ከታች አስቀመጥኋቸው። እማዬ «አሸዋ ከእህል ጋር!» ብላ ሁለት ጊዜ አውጥታብኝ ነበር። ግንቦት ላይ ሁለቱ ብቻ አፋቸውን ከፈቱ። ቅርፊቱ በመጋጠሚያው ተላቅቆ ነጭ ወፍራም ሥር ወደ ታች ሰደደ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ቡቃያ የታየው ከስንት ቀን በኋላ ነው።

አንዱን እኔ ገደልሁት። ትንሽ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ አቆይቼው ነበር። የዋልነት ዋና ሥር ገና ከልጅነቱ ወደ ጥልቅ የሚወርድ ነው፤ ላስቲኩን በስቶ መሬት ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ሳነሳው ቀጭ ሲል በእጄ ተሰማኝ። በሁለት ሳምንት ደረቀ። ያ ድምፅ እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የተረፈችውን በዚያው ክረምት ተከልኋት። የፋሲል መዋኛን ግንብ የታቀፉትን የዛፍ ሥሮች እያየ ያደገ ጎንደሬ ዛፍ ከግንብ አጠገብ ሲተክል ያስባል። ዋልነት ደግሞ ከሃያ ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከድንጋይ አጥራችን ስምንት ሜትር አራቅኋት።

ችግሩ የብርዱ ነገር ነው። ዋልነት ቅጠሏን አራግፋ የምትተኛበት ብርድ ያስፈልጋታል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ 700፣ 1,000 ሰዓት ይሻሉ። ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ ጋቢ ደርበን የምንኮራመትበት የታኅሣሥ ሌሊት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ አይወርድም። ስለዚህ ዛፏ በደንብ አትተኛም፤ በደንብም አትነቃም። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ይረግፋል፤ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ በየካቲት ሲያቆጠቁጥ ሌላው እስከ ሚያዝያ ደርቆ ይቆያል። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ትመስላለች። ደባርቅ ላይ ብትሆን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ብርዱን ታገኘው ነበር እላለሁ፤ ውርጩ ለጋ ቡቃያዋን ያቃጥልብናል ብዬ ደግሞ እፈራለሁ።

በ2010 ታኅሣሥ አንዲት ጎረቤታችን አየቻትና «እትዬ፣ ዛፍሽ ሞቷል እኮ፤ ለማገዶ ቁረጪው» አለቻት። እማዬ መልስ ሳትሰጥ ሄዳ በአውራ ጣቷ ጥፍር ግንዱን ፋቀች። ከግራጫው ልጣጭ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ታየ። «ኮኩም እንዲህ ያደርጋል። ተኝታ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፏ የእኔ መሆኗ ቀረ፤ የእሷ ሆነች።

ዋጋም አስከፍላታለች። እማዬ ከዛፏ ወዲህ ባለው መደብ ላይ ሁልጊዜ ቲማቲምና ቃሪያ ትተክላለች። በ2013 ቲማቲሙ አብቦ ፍሬ ሊይዝ ሲል በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠወለገ። ውሃ አጠጣች፣ አመድ ነሰነሰች፣ ትል ፈለገች፤ ምንም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ዋልነት በሥሯም፣ በቅጠሏም፣ በፍሬዋ አረንጓዴ ልጣጭም ጁግሎን የሚባል ንጥረ ነገር የሚፈጥር ነገር አላት፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አይችሉትም። ሽንኩርት፣ ካሮትና በቆሎ ይችሉታል። ይህን ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ መደቡን በሽንኩርት ቀየረችና ቲማቲሙን ወደ ኩሽናው በኩል ወሰደችው። «እሷም የራሷ ጠባይ አላት» አለች።

አበባ ያየነው በስምንተኛው ዓመት ነው፤ በ2015 ሚያዝያ። አዲስ በወጣው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጸጉራም የሆነ የአተር ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ ነገር፣ አናቱ ላይ ሁለት ላባ የመሰሉ ምላሶች። «አበባዋ ነው» ስላት እማዬ አላመነችም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጋሼ፣ ጎረቤታችን፣ ሁለት ቀፎ አላቸው፤ ነገሩን ሰምተው «ቀፎዎቹን ወደ አጥሩ ላስጠጋላችሁ፣ ንቦቹ ይሠሩታል» አሉን። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ንብ ለዋልነት ምንም አያደርግላትም። ሴቴ አበባዋ ማር የሚሆን ወለላ የላትም፤ ብናኙን የሚያመላልሰው ነፋስ ነው። ያን ዓመት ደግሞ የሚያመላልሰውም አልነበረውም። ወጣት ዋልነት መጀመሪያ ሴቴ አበባ ብቻ ማውጣቷ የተለመደ ነው። ሁሉም ረገፉ።

በ2016 ወንዴዎቹ መጡ። ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ እንደ ጣት የረዘሙ አረንጓዴ ዘለላዎች ተንጠለጠሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ዘለላዎቹ ቢጫ ዱቄታቸውን በነፋስ በትነው፣ ጠቁረው፣ እንደ ትል መሬት ላይ ተነጠፉ። ሴቴዎቹ ምላሳቸውን የከፈቱት ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይተው ነው።

ለእማዬ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፤ ዋልነት ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ግንድ ትይዛለች፣ ጊዜያቸውን ግን ታራርቃለች። አንዳንዷ ወንዴውን ታስቀድማለች፣ አንዳንዷ ሴቴዋን። ይህም ከራሷ ጋር ብቻ እንዳትዳቀል ነው፤ ነፋስ ከሌላ ዛፍ እንዲያመጣላት ትጠብቃለች። እኔ የማውቃት ሌላ ዋልነት ደግሞ በጎንደር የለችም። እማዬ የተነጠፉትን ዘለላዎች በእግሯ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። «እንዴ፣ ሙሽራው ከሄደ በኋላ ነው ሙሽሪት የምትኳለው?» አለች። ያን ቀን ሁለታችንም ለዛፏ ከልብ አዘንን።

ዘንድሮ አልተውናትም። መጋቢት ላይ ዘለላዎቹ ሊረግፉ አንድ ሁለቱ ቢጫ ሲሉ፣ አሥር ያህል ቆርጬ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ክፍሌ ውስጥ አሳደርኋቸው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ እንደ ሽሮ የላመ ቢጫ ዱቄት ተኝቷል። በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ፣ አጥብቄ ዘግቼ፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተትሁት፤ ውጭ ቢቆይ በጥቂት ቀን ይሞታልና። መብራት በጠፋ ቁጥር እማዬ ፍሪዘሩን ማንም እንዳይከፍት ትጠብቅ ነበር። የትንሣኤ ሥጋ እንኳ ከተቀመጠ በኋላ ያለ እሷ ፈቃድ አልወጣም።

ሚያዝያ ላይ ሴቴዎቹ ሲከፈቱ መሰላል አቆምሁ። የሚቀበሉበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሁለቱ ምላሶች ተራርቀው፣ ወዛቸው የሚያበራና እርጥብ የሆኑ ጊዜ። ጫፋቸው ቡናማ ካለ አልፎባቸዋል። እኔ የሥዕል ብሩሽ ገዝቼ ነበር። እማዬ አየችውና «ይኼ ይቧጭራታል» ብላ ገብታ የነጭ ዶሮ ላባ ይዛ መጣች። የ68 ዓመት ሴት ናት፤ ውረጂ ብላትም እምቢ ብላ ሦስተኛው እርከን ላይ ቆመች። የላባውን ጫፍ ዱቄቱ ውስጥ ነካ አድርጋ፣ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ትርፉን አራገፈች። ይህን አጥብቄ ነግሬያታለሁ፤ ብናኝ ሲበዛባት አበባዋ መልሳ ትረግፋለች። ከዚያ እስትንፋሷን ይዛ ላባውን በላባው ላይ አሳለፈችው። ሕፃን ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ የምታወጣ ነበር የምትመስለው። አሥራ አንድ አበባ ደረስን። ከላይ ያሉትን መሰላላችን አልደረሰባቸውም።

በግንቦት ስድስቱ ረገፉ። አምስቱ ግን አበጡ፤ በሰኔ የሎሚ ያህል ሆኑ። እማዬ ለማንም አልተናገረችም፤ ዓይን እንዳይገባቸው።

ሐምሌ 20 ከሰዓት በኋላ የወረደው በረዶ ሦስቱን ጣላቸው። ጭቃው ላይ አገኘናቸው። እማዬ አንዱን በቢላ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ነጭ፣ ገና ያልጠነከረ። ምንም ሳትናገር አረንጓዴውን ልጣጭ በጣቶቿ ስትልጥ ቆየች። በማግስቱ ጣቶቿ ጠቁረው አደሩ። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ብትል አልለቀቀም። ልጅ ሳለች ለሠርግ እጇን እንሶስላ ስትሞቅ የነበረውን አስታወሳት መሰለኝ፤ እጆቿን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ቅዳሴ እንኳ በነጠላዋ ሳትሸፍናቸው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛዋን ዛፍ የተከልነው። እህቴ አምና ከላከችው አንዲት ችግኝ ወጥታልኝ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ሥሯ እንዳይጣመም በተቆረጠ ረጅም የውሃ ቱቦ ውስጥ ነው ያሳደግኋት። ጋሼ በጓሯቸው ከቀፎዎቹ ጀርባ ቦታ ሰጡን። «ቃሪያዬንስ?» ብለው ጠየቁ፤ ራቅ ያለውን ጥግ መረጥን። ብናኙ በነፋስ እንዲደርስ ርቀቱ ከ60 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል ስላት፣ እማዬ ከዛፏ ግንድ ተነሥታ ጭቃውን እየረገጠች ቆጠረች። አርባ ሁለት እርምጃ ሆነ።

ይህቺም ወንዴዋን ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል ብትጥልስ? ሊሆን ይችላል። ከዘር የበቀለ ዋልነት የእናቱን ጠባይ እንዳለ አይወርስም። በካሊፎርኒያ ቻንድለር የሚባለውን ዝርያ የሚያለሙ ገበሬዎች ፍራንኬት የሚባለውን ጥቂት ጥቂት ያስገቡበታል፤ የፍራንኬት ብናኝ ዘግይቶ ስለሚወጣ ሙሽሪት በተኳለች ሰዓት ይደርሳል። እነሱ የሚተክሉት የታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለበት ችግኝ ነው፤ ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀ፣ ፍሬውም በአራት በአምስት ዓመት የሚጀምር። እኛ ያለን ያበቀልነው ነው። እስከዚያ ድረስ ብልቃጡና ላባው አሉ፤ ላባውን እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

መስከረም ላይ፣ ከበሰሉ፣ አረንጓዴው ልጣጭ ራሱ ይሰነጠቃል። አንዱን እንበላዋለን፤ አንዱን አሸዋ ውስጥ እቀብረዋለሁ። እማዬ በዚህ አልተስማማችም። ሁለቱም ይቀበሩ ትላለች።

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ዝናቡ አባርቷል። ባትሪ ይዤ ወጥቼ አየሁ፤ ቅጠሉ ውሃውን እያንጠባጠበ ነው። ስመለስ እማዬ በጨለማው ውስጥ ከአልጋዋ ሆና «አሉ?» አለችኝ።

«አሉ» አልኋት።