«ሳንጋም»ን ጎንደር ላይ

ከባሕር ዳር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ አዘዞ ሲደርስ ገና አልመሸም ነበር። ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ለፋሲል ግቢ ወይም ለጥምቀት ነው። እኔን ያስኬደኝ ግን እትዬ እያልኩ የምጠራቸውን የእናቴን ታላቅ እኅት መጠየቅ፣ እግረ መንገዴንም በተማሪነታቸው ዘመን ያዩትን «ሳንጋም» የተሰኘውን የሕንድ ፊልም አብሬያቸው ማየት ነበር።

ወደ ቤታቸው ከመሄዴ በፊት ፒያሳ ወርጄ ሲኒማ ቤቱን ከውጭ አየሁት። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከተማዋን የግዛት መቀመጫ ሊያደርጋት ሲነሣ የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱን ጨምሮ፣ ጌጥ ያልበዛባቸውና መስመራቸው የጠራ ናቸው፤ ከአጠገባቸው ካለው የነገሥታቱ ግንብ ጋር ሳይጣሉ መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የወራሪው ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። እትዬ እንደሚሉት እሳቸው ለአቅመ ሲኒማ ሲደርሱ ግን ወጣቱ ስለ ጣሊያን ሳይሆን ስለ ራጅ ካፑር ነበር የሚያወራው።

ራጅ ካፑር «ሳንጋም»ን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በቀለም የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩም ዋናው ተዋናይም እሱ ነው፤ ርዝመቱም አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። ታሪኩ አብረው ያደጉ ሦስት ጓደኛሞች ታሪክ ነው። ራጅ ካፑር የሚጫወተው ሱንዳር ራዳን ይወዳል፤ ቫይጃያንቲማላ የምትጫወታት ራዳ ግን የምትወደው ጎፓልን ነው፤ በራጄንድራ ኩማር የተሠራው ጎፓልም ይወዳታል፣ ነገር ግን ሱንዳር ምሥጢሩን ስለነገረው ፍቅሩን ውጦ ዝም ይላል። ሱንዳር የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ ካሽሚር ላሉ ወታደሮች ስንቅ ሊያደርስ ሲሄድ፣ እስኪመለስ በእሱና በራዳ መካከል ማንም እንዳይገባ ጎፓልን ቃል ያስገባዋል። አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ ይባላል። የቀሩት ሁለቱ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ፣ ጎፓልም ፊርማ የሌለው የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ሊጋቡ ሲሉ ሱንዳር በሕይወት ይመጣል።

ፊልሙን ያየነው ሳሎን ውስጥ፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን ነው። እትዬ እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ እየፈተሉ፣ ባለቤታቸው ጋሼ ደግሞ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ተቀመጡ። ሱንዳርና ራዳ ከተጋቡ በኋላ ለጫጉላ የሚዞሩባቸውን ፓሪስንና ስዊዘርላንድን ጋሼ ሳይወዱት አለፉ። እኔም በሐሳቡ እስማማለሁ፤ አገር ማሳየቱ በዛ፣ ታሪኩም ቆመ። ሱንዳር ደብዳቤውን ሲያገኝ ግን የእትዬ እንዝርት ጭናቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፣ ክሩም ተበጠሰ። ሱንዳር «ማነው የጻፈው?» እያለ ሚስቱን ማፋጠጥ እንደጀመረ መብራት ጠፋ።

ሻማ ተለኩሶ ጀበናው እስኪወጣ ክርክሩ ደራ። ጋሼ የጎፓል ወገን ናቸው። «እኛ አገር ቢሆን ጎፓል የሱንዳር አንደኛ ሚዜ ይሆን ነበር» አሉ። በወጋችን አንደኛ ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ነው፤ ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለእሱ ነው። ጎፓልም ሚዜ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በወንድምነት ይዘጋ ነበር ነው ነገሩ። እትዬ አልተቀበሉም። «መጀመሪያ እሷን ማን ጠየቃት? አንዱ ቃል አስገባ፣ ሌላው ቃል ገባ፤ እሷ ከየት መጣች?» አሉ። እኔም ከዚያ ምሽት ወዲህ ፊልሙን የማየው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች እንደ ተፎካካሪ የተሣሉ ይምሰሉ እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሟገቱት ስለ ጓደኝነታቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ቁስቋም ግቢ ወጣሁ። እቴጌዪቱ ባላቸው ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ በልጃቸው ስም አገር እያስተዳደሩ፣ በዕድሜ የሚያንሳቸውን መልማል ኢያሱን ወደዱ፤ ከእሱም ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሰው በቅጽል ስም ቢያሾፍበትም ምርጫው የእሳቸው ነበር። ከፍርስራሹ መካከል ቆሜ ያሰብኩት ስለ ራዳ ነው፤ ሥልጣን ያልነበራት ሴት ደብዳቤ ከመደበቅ በቀር ምን አማራጭ ነበራት?

ማታ መብራት ስለነበር ቀሪውን ጨረስን። ሱንዳር ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ጓደኛም ፍቅረኛም እንደከዱት የሚያዜመው፣ ሙኬሽ ያንጎራጎረለት ዘፈን ሲመጣ ጋሼ ዓይናቸውን ጠረጉ። ራዳ ታፍና የኖረችውን ሁሉ ስታወጣ ደግሞ እትዬ «እሰይ!» አሉ። ጎፓል ጸሐፊው እሱ መሆኑን ተናግሮ በሽጉጥ ራሱን ሲያጠፋ ሁለቱም ዝም አሉ፤ እኔም የፊልሙን ትልቁን ድክመት ያየሁት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ራዳ በመጨረሻ አፏን ከፍታ ያነሣችው ክስ መልስ ሳያገኝ በተኩስ ተቋረጠ።

«ይኼ ነው ጓደኛ!» አሉ ጋሼ።

«ሲሞትም ያስቀደመው ጓደኛውን ነው» አሉ እትዬ።

ጋሼ የፒያኖውን ዘፈን መልሼ እንዳሰማቸው ሲጠይቁኝ እትዬ እንዝርታቸውን አንሥተው፣ «ለራዳ የተዘፈነ ካለ እሱን አምጣልኝ» አሉ። ጎፓል ደብዳቤውን በዜማ የሚያነብበትን፣ መሐመድ ራፊ የዘፈነውን ፈልጌ ከፈትኩላቸው።

«ይኼንንም የጻፈው ጎፓል ነው» አሉ ጋሼ፣ እንደ ረታ ሰው ፈገግ ብለው።

«አዎን፣ ስሙን ሳይጽፍበት።»