ጫጩቶቹ የት ደረሱ?

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ “ቆሮሶው የበዛው እናንተ ጨምራችሁ ነው ወይስ ራሱ ተራብቶ?” ሲሉኝ መልስ አጣሁ፤ ቆሮሶ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። የማራቢያ ገንዳ ጫጩት በበርሜል እየጫንን ትንሿ ግድብ ውስጥ ስንለቅ፣ ሪፖርት ላይ የምንጽፈው የለቀቅነውን ብዛት ብቻ ነበር። ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲገባ ቀድሞ ስላልነበረ የተያዘው ሁሉ የዚያ ዘር ነው። የእኛ ግድብ ግን ከመጀመሪያውም ቆሮሶ አለው፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ደግሞ በጥቂት ወራት ውኃውን ትሞላለች።

ስለዚህ ምልክት አስፈለገ። አሜሪካ ውስጥ የሳልሞን ጫጩት አፍንጫ ውስጥ 1.1 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ኮድ ያላት ሽቦ ይከታሉ፤ ከውጭ እንዲለይም ጭራው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የስብ ክንፍ ይቆርጣሉ። እኛ መሣሪያው የለንም፤ ቆሮሶም ያቺ ክንፍ የላትም። የሆድ ክንፍ መረጥን፦ አንድ ዓመት ግራውን፣ በሚቀጥለው ቀኙን።

ጫጩቶቹን አንድ ቀን ሳንመግብ አሳደርን። የቅርንፉድ ዘይት በአልኮል አሟሙተን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨመርንና ጥቂት ጥቂት እያደረግን አስተኛናቸው። በጎናቸው ሲጋደሙ ቶሎ ቆርጦ ወደ ንጹሕ ውኃ መመለስ ነው፤ ከዘገዩ አይነቁም። እኔ አሳዝነውኝ ከክንፉ ግማሹን ብቻ ቆረጥኩ። ደግነቱ ጥቂቶቹን በቀጭን መረብ ውስጥ ለይቼ አስቀርቼ ነበር፤ ከወራት በኋላ ሳያቸው ክንፉ መልሶ በቅሏል! እነዚያን ባላስቀር ኖሮ “የለቀቅነው ሁሉ ሞተ” ብዬ እጽፍ ነበር። የዚያ ዓመት ልፋት በዚሁ ቀረ።

በሁለተኛው ዙር ከሥሩ ቆረጥን። ችግሩ አሁን ዳር ላይ ሆነ፦ አጥማጆቹ ዓሣውን እዚያው ገፈው ሥጋውን ብቻ ይሸጣሉ፣ ምልክቱን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይበላዋል። ጀልባ ከመድረሱ በፊት ማልዶ መቀመጥ ግድ ሆነ። በተፈጥሮ ክንፍ የጎደለው ዓሣ እንዳለ ለማወቅም ከመልቀቃችን በፊት የግድቡን ዓሣ ማየት ነበረብን፤ ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ሽማግሌው ምልክት ያለባትን ሲያገኙ ለብቻ ያስቀምጡልኛል። “የእነዚህን ልጆችስ በምን ትለያቸዋለህ?” አሉኝ አንድ ቀን። በዚህ ዘዴ አልችልም፤ የተቆረጠ ክንፍ አይወረስም። ሪፖርቱ ላይ ቆጠራው የለቀቅናቸውን ራሳቸውን ብቻ እንደሚመለከት ጽፌያለሁ።

ዘንድሮ ተራው የቀኙ ነው።