ከኪሞ በኋላ ትኩሳት ሲነሳ ጠዋትን አትጠብቁ

አንገቴ ላይ የወጣው እብጠት ለሁለት ወር ያህል «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ሲባል ቆየ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ዕጢው በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሲመረመር ግን ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ። በፍጥነት የሚያድግ ካንሰር ነው። ቤቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ ሕክምናዬ ሐረር። አር-ቾፕ የሚባለው ኪሞ (ቾፕ የሚሉት የካንሰር መድኃኒቶች ስብስብ ሪቱክሲማብ ተጨምሮበት) ታዘዘልኝ፤ በየ21 ቀኑ፣ 6 ዙር። ከመጀመራችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መሠራቱን ጠይቁ። ሪቱክሲማብ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ሐኪሜን «ከዚህ የበረታ መድኃኒት የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቾፕን ከሦስት ከባድ ከባድ ኪሞዎች ጋር አወዳድሮ ከባዶቹ ዕድሜ እንዳልጨመሩ፣ ጉዳታቸው ግን እንደበዛ ነገረኝ። ሪቱክሲማብ ተጨምሮበት ደግሞ ከ10 ሕመምተኛ 6 ያህሉ ይድናል አለኝ። ይህን ቁጥር ይዤ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ቤቴ ወረድኩ። ያኔ ያሳሰበኝ ካንሰሩ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዙር አሥረኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ድሬ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ቴርሞሜትሩ 38.6 አለ። ወንድሜ «አቦ ቺኩንጉንያ ይሆናል» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በ2019 እ.ኤ.አ. ከተማው በሙሉ በዚያ በሽታ ተኝቶ ነበር። ወባውም ዴንጌውም አለ። እኛ ጋ ትኩሳት እንግዳ አይደለም።

ፓራሲታሞል ዋጥኩ። ትኩሳቱ ወረደ። ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መድኃኒቱ ሙቀቱን ሸፈነው እንጂ ኢንፌክሽኑን አልነካውም። ከኪሞ በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ያሽቆለቁላል። ሰውነት የሚዋጋበት የለውም።

ጠዋት የሐረሩ ሆስፒታል የሰጠኝ ወረቀት «በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ሂድ» ስለሚል ሄድኩ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ነበር። «ኪሞ ላይ ነኝ» አልኩ። «ሁሉም ታሞ ነው የመጣው፣ ተራህን ጠብቅ» ተባልኩ። ከሚያስሉ ሰዎች መሀል ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ የወባ ምርመራ፣ ከዚያ የታይፎይድ። ወባው ነጻ ነው ሲባል «ታይፎይድ ነው» ብለው የሚዋጥ መድኃኒት ጽፈው ወደ ቤት ሊሸኙኝ ነበር። እህቴ ጮኸች። «የደም ቆጠራ ሳይሠራ አንወጣም» አለች። ሲሠራ ኒውትሮፊሌ፣ ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል፣ 200 ነበር። ከ500 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። ያኔም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እንዲጀመርልኝ ስንለምን «ሌላው ውጤት ይምጣ» አሉን። ትክክለኛው አሠራር ናሙና ወስዶ፣ ውጤት ሳይጠብቁ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር ነው። እኔ የጀመርኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ባለሙያ ፊቱ አሁንም ይታየኛል፤ ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው።

8 ቀን ተኛሁ። ሦስተኛው ዙር በ10 ቀን ዘገየ። ለመዳን የታሰበ ኪሞ እንዲህ መጓተት የለበትም።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የተለየ ምክር አለኝ። «አቅራቢያ» የሚለውን አትስሙ። የደም ቆጠራ በሌሊት የሚሠራና በደም ሥር አንቲባዮቲክ የሚሰጥ ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነ ደህና ሳላችሁ ጠይቃችሁ ዕወቁ። የሐኪማችሁን ስልክ ሳትይዙ ከኪሞ ክፍል አትውጡ፤ እኔ አልያዝኩም ነበር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ከመዋጣችሁ በፊት ደውሉ። ሰዉ «ትንሽ ጠብቅ» ይላችኋል፣ እናንተ ግን ባጃጅ ጠርታችሁ ሂዱ።

ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ሐኪሜ ነጭ የደም ሴል የሚያነሳ መርፌ ጨመረልኝ። ኪሞው ካለቀ ከ24 ሰዓት በኋላ ይወጋል። አጥንት ያማል፣ ግን ትኩሳቱ አልተመለሰም። እህቴ «ኪሞ ላይ ነው፣ ነጭ ደሙ ሊወርድ ይችላል፣ አሁኑኑ ይታይ» ብላ በትልልቅ ፊደል የጻፈችውን ወረቀት በሸሚዜ ኪስ ይዤ 6ቱንም ዙር ጨረስኩ።

የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ ወጥቷል። አብዛኛው ማገርሸት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው የሚመጣው፣ እኔ 14 ወር አልፌያለሁ። ወረቀቷን ባለፈው ወር ሐረር ላይ ኪሞ ልትጀምር ለመጣች የመልካ ጀብዱ ልጅ ሰጠኋት። ቴርሞሜትሩን ግን አልሰጠሁም።