ድልድዩ ከሁሉ በፊት የሚሸከመው ራሱን ነው

ዛሬ ረፋድ ላይ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ በልጅነቴ ወደ ትምህርት ቤት እመላለስበት የነበረ አንድ አሮጌ ድልድይ ላይ ቆምኩ። አስፋልቱ ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ተፈርፍሮ፣ የዛገው ፌሮ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ስዳስሰው ዝገቱ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ፍርፋሪው ይንቀጠቀጣል።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝና ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ድልድዩ አንድም መኪና ሳይወጣበት ከባድ ሸክም ላይ ነው። ከመስታወት ክርና ሬዚን ከተባለ፣ ክሩን አጣብቆ ከሚይዝ ፕላስቲክ መሰል ቁስ በፋብሪካ የሚሠራው ወለል ግን የዚህን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ አይዝግም፤ የተቀነሰው ክብደትም ለተሽከርካሪ አቅም ይሆናል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የቤንትሊ ክሪክ የብረት ድልድይ በ1999 እ.ኤ.አ. ከመፍረስ የዳነው ወለሉ በዚህ ቁስ ተተክቶ ነው።

ዋጋው ከኮንክሪት ይበልጣል፤ ከላዩ የሚለጠፈው ስስ ንጣፍም በጥንቃቄ ካልተሠራ ይላቀቃል፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። ይሁን እንጂ የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው ከፈሰሰ በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ወለል ግን በክሬን ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ይገጠማል። ፒያሳን በመሰለ ጠባብና የተጨናነቀ ሰፈር መንገድ ለሳምንታት መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ በየቀኑ የሚመላለስበት ሁሉ ያውቀዋል። ምሰሶዎቹ ጤነኛ ሆነው ወለላቸው ብቻ ያለቀ ድልድዮቻችን ተለይተው ቢመረመሩ፣ ሙከራው በአንድ አጭር ድልድይ ሊጀመር ይችላል።