ኮምቦልቻ ለጥራት ሽልማት ግምገማ

ዛሬ በጠዋት ከደሴ ወርደን ኮምቦልቻ ለጥራት ሽልማት ያመለከተ ፋብሪካ ስንገመግም ዋልን። በፈቃደኝነት ገምጋሚ ለመሆን ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል።

ከባዱ ሥራ ፋብሪካው በር ከመድረስ በፊት ያለው ነው። እያንዳንዱ ገምጋሚ ማመልከቻውን ብቻውን አንብቦ ጠንካራ ጎኑንና መሻሻል ያለበትን ይጽፋል፣ ነጥብም ይሰጣል። ቡድኑ የሚወያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ካወራችሁ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካው ባልድሪጅ የጥራት ሽልማት ለረጅም ዓመታት ከ1000 ነጥብ 450ውን የሰጠው ለውጤት ነው። ድርጅቶች የሚቸገሩትም እዚሁ ላይ ነው። «ብክነት ቀንሷል» ይላሉ። ከስንት ወደ ስንት? ከማን ጋር ሲነጻጸር? ቢያንስ የ3 ተከታታይ ጊዜ ቁጥር ከሌለ ለውጡን አዝማሚያ ማለት አይቻልም።

ጉብኝቱ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቶሎ ውጡ። የማታ ፈረቃ ሠራተኛውን «ጉድለት ስታይ ለማን ትናገራለህ? ከዚያስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ አሠራሩ ወረቀት ላይ ቀርቶ ይሆናል። ያም ሆኖ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አትጻፉ፤ ሌላ ክፍልም ጠይቁ፣ መዝገቡንም እዩ።

አስተያየታችሁ ላይ «ይህን ሶፍትዌር ግዙ» ብሎ ማዘዝ አይገባም። ክፍተቱን ከነማስረጃው አሳዩ እንጂ መፍትሔው የድርጅቱ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ይተዋወቃል። ከሚገመገመው ድርጅት ጋር የዝምድና ወይም የንግድ ግንኙነት ካላችሁ የገምጋሚዎች ምደባ ሳይጀመር ተናገሩ።