ዶላርን ወደ 36 ብር ያወረድኩት እኔ ነኝ

አገር ሙሉ «ዶላር መቼ ነው የሚወርደው?» እያለ ሲጠይቅ እኔ በሦስት ቀን አውርጄዋለሁ። ከ132 ብር ወደ 36 ብር። ስብሰባ የለ፣ መግለጫ የለ። ያውም ደብረ ብርሃን ሠርግ ላይ ሆኜ። እኔ እስክስታ ስወርድ ዶላሩም አብሮኝ ይወርድ ነበር።

የምሠራው የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮው ትንሽ ስለሆነ ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክም፣ ዋይፋይ ሲጠፋም፣ የጋሼ ስልክ «ሞልቻለሁ» ሲልም የምጠራው እኔው ነኝ። ጋሼ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው። ገንዘብ የሚይዙት ደግሞ እትዬ ናቸው። እትዬ ከድርጅቱ በፊት እዚያ ቁጭ ብለው ድርጅቱ ዙሪያቸውን የተሠራ ይመስለኛል።

ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። ዶላር የሚሄደው እንደ ኤሊ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቁጥሩን ብታስተካክል ይበቃሃል። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለ ዕለት፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንዴ ከ74 ብር በላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባንኮች በየቀኑ የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ጋሼም ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ተዉ። «ዶላር ስንት ገባ?» ነው የመጀመሪያ ቃላቸው። «እንዴት አደርክ» የሚመጣው መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው፤ እሱም መልሱ ደህና ከሆነ።

እኔ የባንኩን ገጽ እከፍታለሁ። የመሸጫውን ዋጋ አይቼ ኤክሴሉ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ዕቃው በዶላር የተገዛበት ዋጋ በምንዛሪው ይባዛል፣ ቀረጥ ይጨመራል፣ ትርፍ ይጨመራል፣ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ የመሸጫ ዋጋ ይወጣል። እትዬ ደግሞ ያንኑ ምንዛሪ ለብቻቸው ሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፋል ስላቸው፣ «ኮምፒውተር ቫይረስ ይይዘዋል። ደብተር ታሞ አያውቅም» አሉኝ።

አንድ ቀን 132ን 123 ብዬ ጻፍኩት። ጣት ነው፣ ይስታል። እስኪመሽ ድረስ ማንም አላየውም፣ ሦስት ፓምፕ ተሽጦበታል። ጋሼ አልተቆጡም። ዝም ብለው አዩኝ። የጋሼ ዝምታ ከቁጣቸው ይከብዳል። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ወሰንኩ፦ ከዚህ ሥራ ውስጥ የሰው ጣት መውጣት አለበት።

ዩቲዩብ ገባሁ። ኤክሴል እችላለሁ የሚል ኢትዮጵያዊ ሁሉ የአንድ ህንዳዊ ደቀ መዝሙር ነው፤ እኔም የራሴ አለኝ። የህንዱ ወንድሜ ስለ ፓወር ኩዌሪ ነገረኝ። ኤክሴልን ከኢንተርኔት ገጽ ጋር ታገናኘዋለህ፣ ዳታው ከምንጩ እየቀዳ ራሱ ይመጣል፣ አንተ ቡናህን ትጠጣለህ። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ ይመጣል (2016 ስል የፈረንጁን ነው፣ የእኛን ሐምሌ 22 አላነሳሁም)። የእኛ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ኤክሴል 2013 ነው። ለእሱ ለብቻው አውርደህ የምትጭነው አድኢን የሚባል ተቀጥላ ነው። አወረድኩ። እምቢ አለ። ለካ ባለ 32 እና ባለ 64 የሚባል ነገር አለ፤ የኛ ኤክሴል 32 ነው፣ እኔ ያወረድኩት 64። በቡና ቤት ቋንቋ የማኪያቶ ስኒ ላይ የጀበና ክዳን ልገጥም ነበር። ሁለተኛ አወረድኩ። የጓደኛዬን ዳታ ጨረስኩበት። በመጨረሻ ከላይ ባለው መስመር ላይ አዲስ ስም ብቅ አለ፣ ፓወር ኩዌሪ። ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፎቶ አነሳሁት።

የባንኩን አድራሻ ሰጠሁት። ትንሽ አሰበና ገጹ ላይ ያሉትን ሠንጠረዦች ደርድሮ አመጣልኝ። ምንዛሪ ያለበትን መረጥኩ። የኔ ፍላጎት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የዶላር መሸጫ። ዶላሩ ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ቁጥሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አደረግኩና ህንዱ ወንድሜ እንዳለው «ድሪል ዳውን» አልኩት። ሌላው ሁሉ ጠፋና 132 ብቻውን ቀረ። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር፣ ከዚያም በየ60 ደቂቃው ሪፍሬሽ እንዲያደርግ አዘዝኩት።

ጠዋት ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ማነው የሚጽፈው?»

«ማንም። ራሱ ከባንኩ ያመጣል።»

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ?»

«የመጨረሻውን ይዞ ይጠብቃል።»

«ሲሳሳትስ?»

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይሳሳትም።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። እትዬ ይዘዋታል።

ሁለት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራ። የመጀመሪያ ቀናት ከደብተሩ ጋር አስተያየው ነበር። ከዚያ ተውኩት። የሚያምኑትን ሰው በየቀኑ መፈተሽ ነውር ነው አይደል?

2017 ሚያዝያ፣ ጾሙ ተፈቶ የሠርግ ካርድ እንደ በረዶ በሚወርድበት ሰሞን፣ የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስለ ሠርጉ ብዙ አልናገርም፤ ጠጁ ጥሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ሸኖ አካባቢ ስደርስ ጋሼ ደወሉ።

«አንተ ልጅ!» አሉ። እየሳቁ ነው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በስልክ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። «ተባረክ! ያ ያስገባኸው ነገር እኮ ገበያ ከፈተልን!»

«እንዴት ጋሼ?»

«ከዓርብ ጀምሮ ሰው አላባራም። 11 ፕሮፎርማ ወጥቷል። ደግሞ የሚገርምህ፣ አንድም የሚከራከር የለም! ዋጋውን አይተው ‹እሺ› ብቻ ብለው ይሄዳሉ።»

እዚህ ጋ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። ጠጁ አይደለም። እኔ የማውቀው ደንበኛ በነጻ ብትሰጠው «ማስጫኛውንስ ትችሉኛላችሁ?» የሚል ነው። «እሺ» የሚል ደንበኛ ከየት መጣ?

«ጋሼ፣ ባለ ሦስት ኢንቹ ፓምፕ ስንት ነው የተባለው?»

«ቆይ መነጽሬን ላምጣ።» ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ሸኖን አለፍን። «16 ሺህ 890።»

ፓምፑ 62 ሺህ ብር ነው። ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ። ረዳቱ ዞር አለና ጮኸ፦ «ወራጅ አለ!»

«ጋሼ፣ ማኅተሙን ይቆልፉት! እኔ እስክመጣ ምንም እንዳይሸጥ!»

የቀረውን መንገድ ሾፌሩን እየገፋሁት ነው የመጣሁት፣ በልቤ።

ቢሮ ስደርስ የጋሼ ሳቅ የለም። እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊው ደብተር ፊታቸው ተከፍቷል። ፕሮፎርማ የምታወጣው ልጅ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያላትን አትማለች። ጋሼ መነጽር ሳያደርጉ ማኅተም ይመታሉ። ግን እትዬስ? እትዬ ቅዳሜ ጠዋት አይተዋል ለካ። «ይቺ ዋጋ አላነሰችም?» ብለው ጋሼን ጠይቀዋል። ጋሼ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው?

«ማሽን እኮ አይሳሳትም።»

እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም።

ፋይሉን ከፈትኩት። ቀይ ነገር የለም፣ ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም። ቢበላሽ ኖሮ እኮ ደግ ነበር፣ ይጮኻል። እሱ ግን የምንዛሪው ቦታ ላይ ባለ 36 ቁጥር ይዞ በኩራት ተቀምጧል። ዶላር በ36 ብር! ይሄ የመስከረም 2013 ምንዛሪ ነው። ጋሼ ለሦስት ቀን ያን ዘመን ኖረውታል። ደስ ያላቸው ለካ ወደው አይደለም።

ማካፈል ጀመርኩ። ትክክለኛውን የፓምፕ ዋጋ ለተሳሳተው ሳካፍል 3.67። ጄኔሬተሩ 185 ሺህ መሆን ሲገባው 50 ሺህ 400 ብሏል፤ አካፈልኩት፣ 3.67። ቱቦውን አካፈልኩ። 3.67። ምንድን ነው 3.67? ቀረጥ ውስጥ የለም፣ ቫት ውስጥ የለም። ፎርሙላዎቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የጸበል ሐሳብ ሁሉ መጥቶብኝ ነበር፣ ለኮምፒውተሩ።

በዚህ መሃል እህቴ ከሻርጃ በቦቲም ደወለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው እዚያ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ስለ ሠርጉ ልትሰማ ነው።

«ሙሽሪት አማረባት? ማን ማን መጣ?»

«ተዪኝ እባክሽ፣ 3.67 ሊያሳብደኝ ነው።»

«ድርሃሙ ነው?»

«ምን ድርሃም?»

«አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው አይደል እንዴ? እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ገንዘብ በምልክበት ጊዜ ሁሉ የምሰማው ቁጥር እኮ ነው። ይልቅ ንገረኝ፣ እማዬ ምን ለበሰች?»

እማዬ ምን እንደለበሰች ልነግራት አልቻልኩም፤ አፌ ተከፍቶ ቀርቷል። የኤምሬትስ ድርሃም ከ1997 ጀምሮ፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ በዶላር 3.6725 ላይ ተቸንክሮ ነው ያለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በኤክሴል ሁለት ሰዓት ያጣሁትን እህቴ ሩዝ እያማሰለች መለሰችው።

የባንኩን ገጽ ከፈትኩ። እውነትም ገንዘቦቹን በፊደል ተራ አስተካክለዋቸዋል። ኮዱ በኤ የሚጀምረው የኤምሬትስ ድርሃም ከነ36 ብሩ አንደኛ ወጥቷል፣ ዶላር ወደ ታች ወርዷል። ሲያዩት ያምራል፣ ጥፋቱ የባንኩ አይደለም። እኔ ያን ቁጥር በጣቴ ሳሳየው ፕሮግራሙ የያዘው «ዶላር» ብሎ አይደለም፤ «የመጀመሪያው ረድፍ» ብሎ ነው። ልጅ ልከህ «በሩ አጠገብ ለተቀመጡት ሰውዬ ይሄን ብር ስጣቸው» እንደማለት ነው። ሰውዬው ቦታ ቢቀይሩ ልጁ ምን ያድርግ? በሩ አጠገብ ለተገኘው ይሰጣል። ደግሞ ይሄ ፕሮግራም ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚነሳው፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ዜሮ ብሎ ነው የጻፈው። ያኔም አይቼው ነበር። ዜሮ ደግሞ ማንን ይጎዳል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ስልክ ጀመርን። 11 ደንበኛ። ደግነቱ ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ምንዛሪ ሲለወጥ ዋጋው ሊስተካከል እንደሚችል የሚናገር፣ ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ አለ። አብዛኞቹ ሳቁ። «እኛም ሰው ሳይነቃ ብለን ነው» አለ አንዱ፣ እግዜር ይስጠው፣ አልዋሸም። አንዱ ግን ሲፒኦ አሠርቶ ይዞ መጣ። «ማኅተም አለበት!» እያለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታው። እሱን ለማብረድ ሁለት ክትፎና ሙሉ የከሰዓት ልመና ፈጅቷል። ክትፎውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ፓምፕ ግን አመለጠ። ከመቂ የመጡ አንድ አባት ቅዳሜ በጥሬ ገንዘብ ከፍለው፣ አይሱዙ ላይ ጭነው ሄደዋል። 45 ሺህ 110 ብር ኪሳራ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ያ ዝምታ። ከዚያ «ተዋቸው። ሽንኩርት ያጠጡበት» አሉ። ስለ ደሞዜ ምንም አላሉም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

አሁን አስተካክዬዋለሁ። በረድፍ ቁጥር ሳይሆን «ዩኤስዲ» የሚለውን ኮድ ፈልጎ ነው የሚያመጣው። ከትናንቱ በ5 በመቶ ከበለጠ ወይም ካነሰ ደግሞ ሴሉ ቀይ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ጋሼ አዲስ ሕግ አውጥተዋል፤ እትዬ በሰማያዊው ደብተር አስተያይተው «ይሁን» ካላሉ ማኅተሙ ከመሳቢያ አይወጣም። እትዬ አንዳንድ ቀን ሆን ብለው ይቆያሉ። ብዕራቸውን ይፈልጋሉ፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ማሽኑ ዛሬ አልተሳሳተም» ይላሉ።

ግንቦት ላይ እኚያ የመቂ አባት ተመልሰው መጡ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለዋል፣ አንድ ሣጥን ቲማቲም ይዘዋል። ሣጥኑን ለእኔም ለጋሼም አልሰጡም። ቀጥ ብለው ሄደው ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«እነዚህም አንድ አንድ ይፈልጋሉ» አሉ። «ስንት ነው?»

«62 ሺህ ብር ነው አባቴ» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝና በከዘራቸው ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እሷን ነው እንጂ።»